የክሎስተርኖይቡርግ ገዳም ወይን ዘጠኝ መቶ ዓመት የቆየው በምንድን ነው? ለቀወት ቆላስ ምን ይበጃል?

ጥያቄ፦ ከቀወቱ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ተወልጄ ያደግሁት በሰሜን ሸዋ በቀወት ቆላ ሲሆን አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከሸዋ ሮቢት ብዙም በማይርቅ አንድ ገዳም የልማት ኮሚቴ ውስጥ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ገዳሙ ከወንዝ የተጠለፈ ውኃ፣ የሎሚና የፓፓያ አትክልት እንዲሁም ጥቂት የማሽላ መሬት አለው፤ ከዚህ ያለፈው መተዳደሪያው የምእመናን ስጦታ ነው።

ባለፈው ስብሰባችን አንድ አባላችን በኦስትሪያ፣ ክሎስተርኖይቡርግ በምትባል ከተማ ስለሚገኝ ገዳም አነሣ። ይህ ገዳም ከተመሠረተበት ከ1114 ጀምሮ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ወይን እየተከለና ወይን ጠጅ እየጠመቀ እስከ ዛሬ እንደሚተዳደር ካስረዳ በኋላ፣ እኛም የማሽላውን መሬት ግማሽ ለወይን እናውለው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሌሎች አባላት ደግሞ ወይን የፈረንጅ አገር ተክል ነው፣ ቆላችን አይችለውም፣ ቢችለውም ገዳም መጠጥ ሻጭ መሆን አይገባውም ሲሉ ተቃወሙ። ስብሰባው ሳይስማማ ተበተነ፤ ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ የረባ ነገር ይዤ መቅረብ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ቦታውን የምታውቁ ወይም በሙያው ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች እንድትረዱኝ እለምናለሁ። በእርግጥ ገዳሙን ያኖረው ወይኑ ነውን? ወይስ ሌላ ሀብት ኖሮት ወይኑን እንደ ጌጥ የያዘው ነው? የአካባቢው አፈርና አየር ከእኛ ቆላ ጋር የሚነጻጸርበት መንገድ ካለም ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ፦ የአንኮበር ልጅ

ወንድሜ፣ ቪየና ለትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት ወደዚያ ቦታ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ ከከተማው በባቡር ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። መጀመሪያ አንድ የስያሜ ጉዳይ ላንሣ፤ ትንሽ ቢመስልም ለኮሚቴያችሁ ክርክር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ክሎስተርኖይቡርግ በእኛ አነጋገር ገዳም ቢባልም በውስጡ የሚኖሩት መነኮሳት ከዓለም ተለይተው በበረሃ የተቀመጡ አይደሉም። የቅዱስ አውግስጢኖስን ሥርዓት የሚከተሉ፣ በአንድነት የሚኖሩና በአንድ ማዕድ የሚመገቡ፣ ነገር ግን እየወጡ በቪየናና በታችኛው ኦስትሪያ ከሃያ በላይ አጥቢያዎችን የሚያገለግሉ ካህናት ናቸው። የአንድነት ገዳምና የትልቅ ደብር ጠባይ ተደባልቆ ቢታሰብ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ከዓለም ጋር የሚገበያዩት ከጥንቱ ጀምሮ ስለሆነ የሽያጭ ነገር ለእነርሱ እንግዳ አልነበረም።

መሥራቹ ሊዮፖልድ ሦስተኛ የሚባል የኦስትሪያ ገዢ ነው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፤ በሠርጉ ቀን ነፋስ የሚስቱን የአግነስን የራስ መሸፈኛ ወሰደው፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሊዮፖልድ ለአደን በወጣበት ጫካ በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ምንም ሳይበላሽ ተገኘ፤ እርሱም በዚያ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት ተሳለ። ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ይህ አነጋገር አዲስ አይሆንበትም፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ በወረደ ብርሃን ምክንያት የመሠረታት ከተማ ውስጥ ተቀምጠህ ነው የምታነበው። ሊዮፖልድ ቤተ መንግሥቱንም ከገዳሙ አጠገብ አደረገ፤ በ1133 ገዳሙን ለአውግስጢናውያን ካህናት አስረከበ፤ በ1485 ደግሞ የሮም ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰየመችው።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ወይኑ ጌጥ አይደለም፤ ብቻውንም ገዳሙን አላኖረም። ገዳሙ ሰፊ ደንና የሚከራይ ቤትና መሬት አለው፤ ከጎብኚዎችም ገቢ ያገኛል። የወይን እርሻው 108 ሄክታር ያህል ነው፤ በድሮው የእኛ መለኪያ ሦስት ጋሻ የማይሞላ ማለት ነው። ቢሆንም በኦስትሪያ ከትልልቆቹና ከጥንታውያኑ የወይን ቤቶች አንዱ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ስፋቱ ሳይሆን መሬቱ የተበታተነበት መንገድ ነው። አንዱ ክፍል በከተማዋ ዙሪያ፣ ሌላው በራሷ በቪየና ክልል በካለንበርግና በኑስበርግ ተዳፋቶች፣ ሌላው ከቪየና በስተ ደቡብ በጉምፖልድስኪርኸንና በታተንዶርፍ ይገኛል። በክፍለ ዘመናት ውስጥ በስጦታም በግዢም የተሰበሰበ መሬት ነው፤ ገዳሙም በእያንዳንዱ ቦታ የሚተክለው ያ ቦታ የሚወደውን ነው። በደቡብ ባለው በታተንዶርፍ ሜዳ አፈሩ ጠጠራማ፣ አየሩም ሞቃት ስለሆነ ቀዩን የዛንክት ላውረንት ወይን እዚያ አድርጎታል፤ ቀዝቀዝ ባለው በዳኑቤ ወንዝ ዳርና በቪየና ኮረብታዎች ላይ ግን ነጩ ግሩነር ፌልትሊነርና ሪዝሊንግ ይበዛል። በረዶ አንዱን ቦታ ሲመታ ሌላው ይተርፋል። አያቶቻችን በደጋም በቆላም እርሻ የሚይዙት ለዚሁ አልነበረምን?

ስለ ምድር ቤቱም ሳልናገር አላልፍም። ከገዳሙ ሥር አራት ፎቅ ወደ ታች የወረደ፣ ጥልቀቱ እስከ 36 ሜትር የሚደርስ የባሮክ ዘመን የወይን ማከማቻ አለ። ወይን ጠጅ በሚፈላበትም ሆነ በሚበስልበት ጊዜ ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅበት ይጎዳል፤ በዚያ ጥልቀት ግን ክረምትና በጋ ልዩነታቸው እጅግ ጥቂት ነው። ጠጅ የሚጥል የአንኮበር ሰው ጋኑን ከቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ የሚያኖርበት ጥበብ ይኸው ነው፤ እነርሱ ጥጉን 36 ሜትር ቆፈሩት እንጂ። ምድር ቤቱ ከሌለ መሬቱ ብቻ ምንም ባልሆነ ነበር፤ ፍሬው በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል፣ ሽያጩ ግን ዓመቱን ሙሉ ነውና።

በገዳሙ ግቢ ደግሞ በ1704 የተሠራ አንድ በርሜል አለ፤ 56,000 ሊትር ይይዛል። በየዓመቱ ኖቬምበር 15 በቅዱስ ሊዮፖልድ በዓል ሕዝቡ በመሰላል ከላዩ እየወጣ በሌላው ጎኑ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ለበጎ አድራጎት ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል፣ በልቡም ይመኛል። ቀኑ በእኛ ኅዳር 6 ላይ ስለሚውል፣ የጽጌ ጾም ተፈትቶ የቁስቋም ማርያም በዓል በሚከበርበት ዕለት ጎልማሶች በበርሜል ላይ ሲንሸራተቱ ማየቴ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ምላሽ፦ የአትክልት ባለሙያ፣ አጣዬ

የአንኮበሩ ወንድማችን ያቀረበው መልካም ነው፤ እኔ የተክሉን ነገር ልጨምር። ሥራዬ ፍራፍሬ ስለሆነ ከገዳሙ ይልቅ እዚያችው ከተማ በ1860 የተቋቋመው የወይንና የፍራፍሬ ትምህርት ቤት ይበልጥ ይማርከኛል፤ በዓለም ከተከፈቱት የወይን ልማት ትምህርት ቤቶች ቀዳሚ ተብሎ የሚጠቀስ ነው። የመጀመሪያው መሪ አውጉስት ቪልሄልም ፎን ባቦ በ1861 ገና ያልፈላውን የወይን ጭማቂ ስኳር የሚለካ መሣሪያ አወጣ፤ ኦስትሪያ እስከ ዛሬ የምትለካው በዚሁ በክሎስተርኖይቡርግ መለኪያ ነው። አንድ ዲግሪ ማለት በመቶ ግራም ጭማቂ ውስጥ አንድ ግራም ስኳር ማለት ነው። የአገሪቱ ሕግ በጥራት ደረጃ ለሚሸጥ ወይን ቢያንስ 15 ዲግሪ፣ ካቢኔት ለሚባለው ደግሞ 17 ዲግሪ ይጠይቃል። ገበሬው ፍሬው ደርሷል አልደረሰም የሚለውን በዓይንና በምላስ ብቻ ሳይሆን በቁጥር የሚያውቀው በዚህ ነው። እኛ ማሩን ስንገዛ በጣታችን ቀምሰን የምንፈርደውን እነርሱ በብርጭቆ ዘንግ ጽፈው አስቀምጠውታል።

ከዚያው ትምህርት ቤት በ1922 ፍሪትዝ ትስቫይጌልት የተባለ ባለሙያ ዛንክት ላውረንትን ከብላውፍራንኪሽ ጋር አዳቅሎ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቀይ ወይን አስገኘ፤ አሁን በኦስትሪያ ከቀይ ዝርያዎች ሁሉ በብዛት የሚተከለው እርሱ ነው። ሰውየው በኋላ የናዚ ፓርቲ አባል ስለነበር ወይኑ በስሙ መጠራቱ በአገሩ ክርክር አስነሥቷል፤ እርሱ ራሱ ያወጣለት ስም ሮትቡርገር ነበር። በነገራችን ላይ ገዳሙም በ1941 በናዚዎች ተዘግቶ ንብረቱ ተወስዶ ነበር፤ የተመለሰለት ጦርነቱ ሲያበቃ ነው።

የዚህ ሁሉ ጥበብ ማዕከል የነበረችው ከተማ ራሷ የመቅሠፍትም በር መሆኗን ልብ በሉ። ፊሎክሴራ የምትባል፣ ሥር የምትመጥ ጥቃቅን ተባይ ከአሜሪካ ችግኝ ጋር ወደ አውሮፓ ገባች፤ በኦስትሪያ መጀመሪያ የታየችውም በ1870ዎቹ መጀመሪያ በክሎስተርኖይቡርግ ነው። ለሙከራ የመጣ ተክል ይዟት እንደገባ ይታመናል። መድኃኒቱ የተገኘው ተባይዋን በመግደል ሳይሆን የአውሮፓውን ወይን ተባይዋን በሚቋቋም የአሜሪካ ሥር ላይ በመክተብ ነው። ስለዚህ ለኮሚቴያችሁ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያዬ ከየሰው ግቢ የወይን ቅርንጫፍ እየቆረጣችሁ ገዳም ውስጥ አትትከሉ የሚል ነው። ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠ፣ የተከተበ ችግኝ ፈልጉ።

አየሩን በተመለከተ፣ ክሎስተርኖይቡርግ በይፋ የምትመደበው ቫግራም በሚባለው የወይን ክልል ነው፤ ክልሉ ይህን ስም የያዘው በ2007 ሲሆን ከዚያ በፊት ዶናውላንድ ይባል ነበር። የቫግራም መለያ አፈሩ ነው፤ በበረዶ ዘመን ነፋስ ተሸክሞ ያመጣው ደቃቅ አቧራ ተከምሮ የተሠራ፣ ጥልቅ፣ ውኃ የሚይዝና ለእርከን የሚመች አፈር ነው። ግሩነር ፌልትሊነር እንዲህ ባለው አፈር ይመቸዋል፤ በኦስትሪያ ካለው የወይን መሬት ሁሉ ሲሦ ያህሉን የያዘውም ይኸው ዝርያ ነው። በዚያ አገር ተክሉ በክረምቱ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ በሚያዝያ ይነቃል፣ በመስከረምና በጥቅምት ይለቀማል። የሚፈሩት የፀደይ ውርጭ ነው።

እዚህ ላይ ነው ከእኛ የሚለየው። በሐሩር አገር ወይን የሚያስተኛው ክረምት የለውም፤ ካልተገረዘ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ይዞ ይቆያል፣ ፍሬውም ዘለላው እኩል አይደርስም። በእኛ አገር ክረምቱን የሚተካለት መቀስ ነው፤ የምንገርዝበት ቀን የምንለቅምበትን ቀን ይወስናል። ከግርዘት እስከ ለቀማ አራት ወይም አምስት ወር ቢቆጠር፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ በከበደበት ወቅት ፍሬ ዛፍ ላይ እንዳይገኝ፣ የበልጉም ዝናብ ሳይደርስበት እንዲለቀም፣ በመስከረም መጀመሪያ ገርዞ በጥር መጨረሻ መልቀም ለቀወት የሚስማማ ስሌት ይመስለኛል። ቅጠሉ ረጥቦ ከዋለ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ሻጋታ ከያዘው ደግሞ ዘለላው ይደርቃል፣ ይረግፋል።

«ቆላችን አይችለውም» ላሉት አባላት ደግሞ ዝዋይን ጥቀሱላቸው፤ በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተተከለው የካስትል እርሻ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ደርሰው በ2014 የመጀመሪያው ምርት ለገበያ ቀርቧል። ሸዋ ሮቢት ከዚያ ዝቅ ብላ ወደ 1,300 ሜትር ትጠጋለች፤ ሙቀቱ ይበረታል፣ ፍሬው ቶሎ ይደርሳል፣ ጎምዛዛነቱ ይቀንሳል። ለወይን ጠጅ ይህ ጉድለት ነው፤ ለመብል ወይንና ለዘቢብ ግን ጥቅም ነው። ከእናንተ ቆላ ወደ ደጋው ስትወጡ በመካከል ያለውን ምድር አባቶቻችን «ወይና ደጋ» ብለው የጠሩትም እንዲያው አይደለም፤ የወይን ደጋ ማለት ነውና ቃሉ ራሱ ቦታውን ይመሰክራል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ግን ለዚህ ተክል አይሆንም፤ ከ2,800 ሜትር ላይ ማንም እንዳይሞክረው።

ምላሽ፦ መሪጌታ ዘመንዝ

ልጆቼ፣ ያቀረባችሁትን በጥሞና አነበብኩ። በመካከላችሁ ያልተነሣ አንድ መሠረታዊ ነገር ስላለ እርሱን ላስታውስ። የሮም ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የምታቀርበው ከወይን ፍሬ የተጠመቀ፣ ያልተበላሸ ወይን ጠጅ ነው፤ ስለዚህ ለእነርሱ መጥመቂያው የቤተ መቅደሱ አካል ነበር። የእኛ ሥርዓት ሌላ ነው። በቤተ ልሔም የሚዘጋጀው ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆና ተጣርቶ፣ ሳይፈላ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ ለገዳማችን የሚያስፈልገው መጥመቂያ፣ ምድር ቤትና በርሜል ሳይሆን ንጹሕ ዘቢብ ነው። ዛሬ የምንገዛው ከውጭ የገባ፣ በስንት እጅ ያለፈ ዘቢብ መሆኑን የማያውቅ ካህን የለም። «ገዳም መጠጥ ሻጭ አይሁን» ያሉት አባላት እውነት አላቸው፤ «ወይን እንትከል» ያለውም እውነት አለው። ሁለቱን የሚያጣላው ተክሉ ሳይሆን በርሜሉ ነው።

የአንኮበሩ ልጄ ያልነገራችሁን አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ እኔ ቦታውን አላየሁትም፣ በሥዕል መጽሐፍ ግን ብዙ ሰዓት ተመልክቼዋለሁ። በዚያ ገዳም ኒኮላስ ዘቨርደን የሚባል አንጥረኛ በ1181 የፈጸመው፣ በወርቅ የተለበጠ መዳብ ላይ በሰማያዊ ኢናሜል የተሣለ ሥራ አለ። መጀመሪያ የማንበቢያ ሰገነት ልባስ የነበረ ሲሆን በ1330 ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት መንበር ተደርጓል። ሥዕሎቹ በሦስት ረድፍ ተሰልፈዋል፤ ከሕግ በፊት የሆነው በላይ፣ በሕግ ዘመን የሆነው በታች፣ በጸጋ ዘመን የሆነው በመካከል። ይህ የእኛ መምህራን ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል ብለው የሚያስተምሩት ሥርዓት ነው። እኔ እንዲያው በአጋጣሚ ገጹን ስገልጥ የትርጓሜ ጉባኤ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ስቅለቱ ባለበት ዓምድ ከላይ የይስሐቅ መሥዋዕት ይታያል፤ ከታች ደግሞ ሁለት ሰዎች ትልቅ የወይን ዘለላ በመሎጊያ ተሸክመው ይሄዳሉ። እነዚህ በኦሪት ዘኍልቍ 13 የተጻፉት፣ ሙሴ ምድረ ከነዓንን እንዲሰልሉ የላካቸው ናቸው። በመሎጊያ የተሰቀለው ዘለላ በመስቀል የተሰቀለው ጌታ ምሳሌ መሆኑ ነው። የወይን እርሻ ያለው ገዳም በቤተ መቅደሱ ወይኑን የሚያየው እንደ ሸቀጥ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ተረዱ።

ጥያቄ አቅራቢው፦ ከቀወቱ

መሪጌታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የኮሚቴያችንን ጠብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈቱት። ባለሙያውንም ከልብ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። ዘቢብ ብናደርገው ከስንት ኪሎ ፍሬ ስንት ኪሎ ዘቢብ ይገኛል? ደግሞም ክሎስተርኖይቡርግን ካነሣን አይቀር፣ አካባቢው ሁሉ ወይን የሚጠምቅ ከሆነ ገዳሙ ከጎረቤት ገበሬ ጋር እንዴት ሳይጣላ ኖረ? እኛ ሎሚ ስናቀርብ እንኳን ከመንደሩ ነጋዴ ጋር ዋጋ ያጋጨናል።

ምላሽ፦ የአትክልት ባለሙያ፣ አጣዬ

በግምት ከአራት ኪሎ እርጥብ ፍሬ አንድ ኪሎ ዘቢብ ይወጣል። ፍሬ አልባ ከሆኑት ዝርያዎች ሱልጣና የሚባለውን ፈልጉ። የጥር ፀሐይ በቀወት ደረቅ ስለሆነ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ፣ በስስ መረብ ተሸፍኖ ቢሰጣ ይደርቃል፤ በላስቲክ ላይ መሬት አታስጡት፣ ከሥር ይልባል። ፍሬ አልባ ስል ዘር የሌለው ማለቴ እንጂ የማያፈራ ማለቴ አይደለም፤ አንድ ጊዜ በሥልጠና ላይ እንዲሁ ብዬ አንድ ገበሬ «ታዲያ ለምን እንተክለዋለን?» ብሎ አስቆኛል።

ምላሽ፦ የአንኮበር ልጅ

የሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። በዚያ አገር ለትንሹ ገበሬ በር የከፈተለት ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ በ1784 ያወጣው አዋጅ ነው፤ ማንም ሰው በገዛ መሬቱ ያመረተውን ወይንና ምግብ በፈለገው ዋጋ በቤቱ እንዲሸጥ ፈቀደ። ከዚህ የተነሣ ሆይሪገር የሚባሉ ቤቶች ተስፋፉ፤ ስሙ «የዘንድሮ» እንደማለት ነው፣ አዲሱን ወይን ለማለት። ገበሬው ወይን ሲኖረው የጥድ ቅርንጫፍ አስሮ በበሩ ላይ ይሰቅላል፣ ሲያልቅ ያወርደዋል። በመንዝና በተጉለት መንደር ጠላ መኖሩን በእንጨት ጫፍ ላይ በተደፋ ጣሳ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ገዳሙ ጠርሙስና ምድር ቤት ይዞ ረጅም ጊዜ የሚቆየውን ሸጠ፤ ገበሬው የዓመቱን ወይን በገበታው ሸጠ። ገበያቸው ተለያይቷል።

ከገበሬው የተማረው ነገርም አለ። በቪየና ኮረብታዎች በአንድ ማሳ ብዙ ዓይነት ወይን ቀላቅሎ ተክሎ፣ በአንድ ቀን ለቅሞ፣ በአንድነት መጥመቅ የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ዝርያ ውርጭ ሲመታው ሌላው ይደርሳል፤ ገበሬዎቻችን ስንዴና ገብስ ደባልቀው በአንድ ማሳ የሚዘሩበት ምክንያት ይኸው ነው። ይህ የድሃ ብልሃት ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲናቅ ኖሮ፣ በ2013 ግን የቪየና መለያ ሆኖ በሕግ ተደነገገ፤ ቢያንስ ሦስት ዝርያ ይኑርበት፣ አንዱም ከግማሽ አይብለጥ ይላል። ገዳሙም ዛሬ በቪየና መሬቱ ይህንኑ ወይን ይጠምቃል።

ምላሽ፦ ተጉለቴው

ሁላችሁም የመልካሙን ስትናገሩ እኔ የክፉውን ልጥቀስ። በ1985 ኦስትሪያ ውስጥ አንዳንድ ነጋዴዎች ወይናቸው ጣፋጭና ወፍራም እንዲመስል ዳይኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ሲጨምሩ ተያዙ። ነገሩ ሲወጣ የአገሪቱ የወይን የውጭ ሽያጭ በአንድ ጊዜ ወደቀ፤ ጥፋት የሌለበትም ገበሬ አብሮ ተመታ። በዚያው ዓመት መንግሥት ከአውሮፓ ጥብቅ ከሚባሉት አንዱ የሆነ የወይን ሕግ አወጣ። ይህን የማነሣው እኛም ጋ ጠጅ በስኳር ሲበረዝ እያየን ዝም ስለምንል ነው። ገዳሙ ዘቢብ ቢያቀርብ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬ ቢያንስ እንኳን ከገበያ ገዝቶ ደባልቆ «የገዳም ዘቢብ» ብሎ እንዳይሸጥ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። አንድ ቤተ ክርስቲያን አንድ ጊዜ ከተጠራጠረ ሁለተኛ አይገዛም።

ጥያቄ አቅራቢው፦ ከቀወቱ

ተጉለቴው፣ የተናገርከው ወደ ቃለ ጉባኤው ይገባል። ለኮሚቴው የማቀርበውን አሁን ጽፌ ጨርሻለሁ። የማሽላው መሬት አይነካም፤ ከሎሚው አትክልት ጎን፣ ውኃው የሚደርስበት አንድ ጥማድ የማይሞላ ቦታ ብቻ ይያዝ። መጥመቂያ አይኖርም፣ ለቤተ ልሔም ዘቢብ ብቻ ይሆናል። የክሎስተርኖይቡርጉን ምሳሌ ያነሣውን አባላችንን ላለማሳዘን፣ ከዚያ ገዳም የምንወስደው በርሜሉን ሳይሆን የመሬት ምርጫውንና መለኪያውን ነው ብዬ ጽፌለታለሁ። ባለሙያው፣ አንድ ልጠይቅዎት፤ ጉድጓዱን አሁን እናስቆፍር ወይስ መስቀል እስኪያልፍ እንጠብቅ?

ምላሽ፦ የአትክልት ባለሙያ፣ አጣዬ

አሁኑኑ አስቆፍሩ፤ ጉድጓዱ ስልሳ ሳንቲ ሜትር በስልሳ፣ ጥልቀቱም እንዲሁ ይሁን። የላዩን አፈር ለብቻ፣ የሥሩን ለብቻ ክመሩት። አንዱን ጉድጓድ ውኃ ሞልታችሁ እስከ ማግሥቱ ተዉት፤ ውኃው ካልሰረገ ቦታው ለወይን አይሆንምና ወደ ተዳፋቱ ከፍ በሉ። ችግኙን ከማዘዛችሁ በፊት ይህን ፈተና በሦስት ቦታ አድርጋችሁ ያገኛችሁትን እዚሁ ጻፉልኝ።